ድክ ድክ የሚል ልጅ ሲያቀረሽና ምግብ አልስማማው ሲል፦ ከጓዳ እስከ ጤና ጣቢያ

ልጅ በልቶ ሲያቀረሽ በሰሜን ሸዋ ቤቶች ቶሎ የሚሰነዘሩት ግምቶች ሦስት ናቸው፦ እንጥሉ ወርዷል፣ ጥርስ እያወጣ ነው፣ ወተት አልስማማው ብሏል። የመጨረሻው አንዳንዴ እውነት ነው። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ወተቱ ይከለከላል፤ ለውጥ ሲጠፋ በሳምንቱ እንቁላሉ ይከተላል፤ ወር ሳይሞላ ልጁ የሚበላው ሽሮና ሻይ የነካ ዳቦ ብቻ ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ ቀጭጨው፣ ማለትም ለዕድሜያቸው አጥረው፣ ነው ያገኛቸው። በእንዲህ ያለ አካባቢ ከልጅ ማዕድ ላይ ወተትና እንቁላል ማንሳት እንደ ቀላል የሚታይ ውሳኔ አይደለም።

ስለዚህ እዚህ የምንከተለው ቅደም ተከተል ከተለመደው የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ መጠኑንና ሰዓቱን ታስተካክላላችሁ። ምግብ የምታነሡት ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም አንዱን ብቻ፣ ቀን ቆርጣችሁ፣ መልሳችሁ ለመስጠት አስባችሁ። መመሪያው ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ ነው፤ ከዚያ በታች ላለ ጨቅላ አይሆንም።

መጀመሪያ ቅርሻትን ከትውከት ለዩ

ቅርሻት ያለ ትግል የሚመጣ ነው። ልጁ ያገሳል፣ የበላው ትንሽ በአፉ ይወጣል፣ አፉን ይጠርግና ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ትውከት ሆድ ጨምቆ፣ ፊት ገርጥቶ፣ ልጁን አድክሞ ነው የሚመጣው። በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መካከል ያለው የጡንቻ ቀለበት በጨቅላነት የላላ ስለሆነ ቅርሻት ብዙውን ጊዜ ከ2 ወር ዕድሜ በፊት ይጀምራል። ከአሥር ሕፃናት ዘጠኙ ገና አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይተዉታል፤ መቀመጥና መቆም ሲችሉ፣ ምግባቸውም ሲጠጥር ማለት ነው።

ስለዚህ የልጃችሁ ቅርሻት ከጨቅላነቱ የቀጠለና እየቀነሰ የመጣ ከሆነ፣ ክብደቱም ከጨመረ፣ ጊዜ ስጡት። ከ6 ወር ዕድሜው በኋላ ድንገት የጀመረ፣ ወይም ዓመት ተኩል አልፎትም ያልቀነሰ ከሆነ ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት።

ልጁ ቃር ሲያቃጥለው «ቃር አለኝ» አይልም። ምልክቱ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ማልቀስ፣ ወገቡን ወደ ኋላ መለጠጥ፣ የጎረሰውን ለመዋጥ መፍራት፣ ሌሊት ሲተኛ የሚብስ ደረቅ ሳል፣ ጠዋት የጎረነነ ድምፅ፣ ኮምጣጣ የአፍ ሽታ ነው። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ሁለት ሦስቱ በየቀኑ ከምግብ ሰዓት ጋር ተያይዘው ሲመጡ ነው ትርጉም የሚኖራቸው።

ይህን ካያችሁ መመሪያውን አቁማችሁ ሂዱ

ትውከቱ እንደ ቅጠል አረንጓዴ ከሆነ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የሚመስል ነገር ካለበት፤ ሰገራው ደም ካለው ወይም እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፤ ሆዱ ተነፍቶ ከደደረ፤ ትኩሳት ኖሮት ከደነዘዘ ወይም ካንቀጠቀጠው፤ በየጠዋቱ እንደነቃ የሚያስመልሰውና እርምጃው የተንገዳገደ ከሆነ፤ ጭንቅላቱን ተመትቶ ካስመለሰ፤ የሚውጠው ምግብ የሚተናነቀው ከሆነ። ከምግብ በኋላ ከንፈሩና ዓይኑ አካባቢ ካበጠ፣ ሰውነቱ ላይ ችፍ ካለበት፣ ሲተነፍስ ሲር ሲር ካለ ደግሞ ሰዓት የሚጠበቅበት ነገር አይደለም፤ ባገኛችሁት መኪና ሂዱ። ትናንሽ ልጆች ሳንቲምና የሰዓት ባትሪ እንደሚውጡም አትርሱ፤ ጤነኛ የነበረ ልጅ ድንገት ምራቁን መዋጥ ካቃተው ይህን ጠርጥሩ። ባትሪ ከሆነ የምግብ ቧንቧን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊያቃጥል ይችላል።

የውሃ እጥረት ምልክቱ የታወቀ ነው፦ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሽንት አለመሽናት፣ እንባ የሌለው ልቅሶ፣ የጎደጎደ ዓይን። እየሄዳችሁም ቢሆን ኦ.አር.ኤስ. ስጡት። አብዛኛው ከረጢት ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው፤ በላዩ የተጻፈውን አንብቡ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ በየሁለት ወይም ሦስት ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ። ጠምቶት ነው ብላችሁ በኩባያ ከሰጣችሁት መልሶ ያወጣዋል።

አንድ ሳምንት ምንም ሳትቀይሩ መዝግቡ

ይህን ሳምንት አብዛኛው ሰው ይዘለዋል፤ በኋላም የትኛው ነገር እንደረዳው ሳያውቅ ይቀራል። አንድ ደብተር ውሰዱና ገጹን በመስመር ክፈሉት፦ ሰዓት፣ ምን በላ፣ ስንት፣ ማን አበላው፣ ከዚያ ምን ሆነ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ፣ ሰገራው እንዴት ነበር። «ማን አበላው» የሚለው ዓምድ ቀልድ አይደለም። እናት ስታበላው ደህና የሚውል ልጅ አያቱ ወይም ሠራተኛዋ ስታበላው የሚያስመልስ ከሆነ ምክንያቱ ምግቡ ሳይሆን አበላሉ ነው።

መጠን ለመለካት የተለየ ዕቃ አያስፈልግም። የቡና ስኒ ወደ 70 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ 500 ነው። የቤታችሁን ኩባያ አንድ ጊዜ በሃይላንዱ ለኩት፣ ከዚያ በኋላ «አንድ ኩባያ» ስትጽፉ ምን ማለታችሁ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጎረቤት የሰጠችው ብስኩት፣ ከአባቱ ትሪ ላይ ያነሳው ጉርሻ፣ ለቡና የተቆላ ቆሎ፣ ሁሉም ይጻፍ። በሳምንቱ መጀመሪያ ጤና ኬላ ወስዳችሁ አስመዝኑትና ክብደቱን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አስፍሩ። ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ በአማካይ በወር 200 ግራም ገደማ ይጨምራል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የክንዱን ዙሪያ ስትለካው ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ምግብ የመቀነስ ሙከራ በቤት አይጀመርም፤ ከ11.5 በታች ከሆነ የዚያኑ ዕለት ሕክምና ይጀመርለታል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት፦ መጠን፣ ፍጥነት፣ አቀማመጥ

ከሁሉ በፊት መጋትን አቁሙ። አፍንጫ ተይዞ፣ በመዳፍ ወይም በጡጦ አጥሚት የሚጋት ልጅ የሚውጠው ከአየር ጋር ነው፤ ጨጓራው ከልኩ በላይ ይወጠራል፣ ያ የላላ ቀለበትም ይከፈታል። ከፊሉ ወደ ሳንባው ከሄደ ደግሞ የሳንባ ምች ያስከትላል። የተጋተ ልጅ ሲያስመልስ «ምግቡን ስላወጣው ባዶ ሆነ» ተብሎ እንደገና ይጋታል፤ ከዚህ አዙሪት መውጫው መጋቱን መተው ብቻ ነው። ልጁ ፊቱን ሲያዞር ጠግቧል ማለት ነው። ሳህኑን አንሡ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ታቀርባላችሁ።

መጠኑ፦ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ዋና ምግብ፣ በመካከሉ 1 ወይም 2 ጊዜ መክሰስ። ዓመት የሞላው ልጅ በአንድ ጊዜ ከ250 ሚሊ ሊትር ኩባያ ሦስት አራተኛው ይበቃዋል፤ ወደ ሁለት ዓመት ሲጠጋ ሙሉ ኩባያ ሊበላ ይችላል። የሚያቀረሽ ልጅ ከሆነ በግማሽ ኩባያ ጀምሩና ጊዜውን ወደ 6 ከፍ አድርጉት። በምግብ መካከል ውሃ ጥቂት ጉንጭ ብቻ ይጠጣ፤ ዋናው ውሃ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ወይም ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሁን።

ቀጭን አጥሚት ለሚያቀረሽ ልጅ አይመከርም፤ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ጨጓራውን ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሰጥም፣ በቀላሉም ይመለሳል። የገንፎው ልክ ማንኪያው ሲዘቀዘቅ ቶሎ የማይንጠባጠብ መሆኑ ነው። ለአንድ ጊዜ የሚሆን፦ 3 የሾርባ ማንኪያ የጤፍ ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የምስር ክክ ዱቄት፣ 250 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ በጣት ጫፍ የተቆነጠረ አዮዲን ያለው ጨው። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ እሳት ላይ ጣዱና 20 ደቂቃ እያማሰላችሁ አብስሉት፤ ካወጣችሁት በኋላ 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት ጣል አድርጉበት። ዘይቱን ከዚህ አታብዙት፤ ስብ የበዛበት ምግብ ጨጓራ ውስጥ ይቆያል፣ የቆየ ምግብ ደግሞ ይመለሳል። ለቅቤም እንዲሁ ነው፣ ምንም እንኳን ልጅ «እንዲወፍር» ቅቤ ማብዛቱ የተለመደ ቢሆን።

ከበላ በኋላ ለ30 ደቂቃ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ ወይም ይቁም። እዚህ ላይ ብዙ ቤት የሚሳሳተው በአንቀልባ ነው። ልጁን አብልቶ ወዲያው በጀርባ አዝሎ ማጥበቅ ሆዱን ከእናቱ ጀርባ ጋር ይጨምቀዋል፤ የላስቲክ ወገቡ የጠበቀ ሱሪም እንዲሁ ያደርጋል። ከማዘላችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ውሃ ልትቀዱ ወይም ገበያ ልትሄዱ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ሳይሆን ስትመለሱ አብሉት።

እራት ከመኝታ 2 ሰዓት ቀደም ይበል። ማታ 2 ሰዓት ላይ የሚተኛ ልጅ 12 ሰዓት ላይ ይበላል ማለት ነው፤ እራት ከአባት ጋር አብሮ የመብላቱ ልማድ ይህን ያስቸግራል፤ ለልጁ ቀድሞ ማቅረብና በኋላ በጉርሻ ብቻ ማሳተፍ ይቻላል። አፉ ውስጥ ጡጦ ተይዞ መተኛት መቆም አለበት፤ ጥርሱንም ይበላዋል። ትራስ መደራረብ አይጠቅምም፤ ልጁ ከትራሱ ተንሸራቶ ወገቡ ላይ ይታጠፋል፣ ሆዱም ይበልጥ ይጨመቃል። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡት አታስጥሉት፤ ሌሊት ሙሉ ጡት እንደ ጎረሰ ከማደር ግን ጠብቶ ሲጨርስ ማውጣት ይሻላል።

በድስቱ ውስጥ ያለው

ከጓዳው መጀመሪያ የሚወጣው ሻይ ነው። ዳቦ በሻይ የልጅ ቁርስ መስሎ ቆይቷል፤ ሻይ ግን ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳል፣ በውስጡ ያለው ካፌይንም የጨጓራውን ቀለበት ያላላዋል። ቡና፣ ለስላሳ መጠጥና ለልጅ ጉዳት የለውም የሚባለው ቅራሪም አብረው ይውጡ። ከዚያ በርበሬና ሚጥሚጣ፦ ለልጁ ከበርበሬው በፊት በትንሽ ድስት አልጫ ቀንሱለት። ቲማቲም፣ ሎሚና ብርቱካን ቃር ያለበትን ልጅ ያቃጥሉታል፤ ለሁለት ሳምንት ቀንሱና ልዩነቱን እዩ። እንጀራው በጣም የኮመጠጠ ከሆነ ለእሱ አፍለኛ ብትጋግሩለት ጥሩ ነው።

ደጋ ላይ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙም አይነገርም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር በላይ ነው፤ መሐል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው ወደ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው። ድስቱ ይንተከተካል፤ ባቄላውና አተሩ ግን ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ በሚበስልበት ጊዜ ልክ አይበስልም። ያልበሰለ ጥራጥሬ ሆድ ይነፋል፣ ያስቆርጣል፣ የተነፋ ሆድም ጨጓራን ወደ ላይ ይገፋል። ከዚያ «ሽሮ አልስማማው አለ» ይባላል። ጥራጥሬውን ማታ ዘፍዝፉ፣ ጠዋት ውሃውን ድፉ፣ ልጣጩን አውልቁ፣ በሁለት ጣት ሲጫን እስኪፈርስ አብስሉ። የልጁ ሽሮ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይንተክተክ። ውሃም ለመጠጥ ስታፈሉ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ አቆዩት።

ምግቡን ጥፋተኛ ከማለታችሁ በፊት የሚጣሩ ሦስት ነገሮች

የሰገራ ምርመራ አስደርጉ። ጃርዲያ የተባለው ጥገኛ ሆድ ነፍቶ፣ ቅባት ያለበት የሚሸት ተቅማጥ አምጥቶ፣ አንጀት ወተትን መፍጨት እስኪያቅተው ሊያደርስ ይችላል። ወስፋትም እንዲሁ ያቅለሸልሻል። የሽንት ምርመራም አብሮ ቢሆን መልካም ነው፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በትንሽ ልጅ ላይ በትውከት ብቻ ሊገለጥ ይችላል።

ሁለተኛው የሆድ ድርቀት ነው። በሳምንት ከሦስት ጊዜ በታች የሚወጣ፣ እንደ ጠጠር የደረቀ ሰገራ ያለው ልጅ ምግብ ይጠላል፣ ያስመልሳልም። ውሃ፣ ከቆላው የሚመጣ ፓፓያ፣ ተቆልቶ ከተፈጨ በኋላ በውሃ የተበጠበጠ የተልባ ጭማቂ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ሦስተኛው መድኃኒት ነው። ፕላዚል የተባለውን የትውከት ማስታገሻ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጡ፤ በልጆች ላይ አንገትና ዓይን የሚያጣምም የጡንቻ መኮማተር ሊያመጣ ይችላል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞልም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም፤ ሐኪም ቢያዘውም ለተወሰኑ ሳምንታት ሞክሮ የሚያየው እንጂ እንደ ምግብ የሚቀጥል አይደለም። የአዋቂ የጨጓራ ሽሮፕም የልጅ አይደለም። እንጥል ማስቆረጥ ቅርሻትን አያድንም፤ የሚታወቀው ጉዳቱ ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽንና መንጋጋ ቆልፍ ነው። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በጨጓራ ቃጠሎ ላይ ሌላ ቃጠሎ ናቸው። ይህን ለአያት ሲነግሩ በክርክር አይሆንም፤ «ጤና ጣቢያ እስኪያዩት አራት ሳምንት ቆዩልን» ማለት ይሠራል።

ወተት፦ አራት ሳምንት አንሥቶ መመለስ

ከላይ ያለው ሁሉ ተስተካክሎ ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላም ችግሩ ካለ ወደ ወተት ይኬዳል። «ወተት አይስማማውም» የሚለው አነጋገር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል፤ መለየቱ ዋጋ አለው።

አንደኛው የወተት ስኳርን፣ ላክቶስን፣ መፍጨት አለመቻል ነው። ሆድ ይነፋል፣ ይጮሃል፣ ውሃ መሳይ ተቅማጥ ይመጣል፤ ቆዳ ላይ ምንም የለም። ከሦስት ዓመት በታች ባለ ልጅ ላይ በተፈጥሮ ብዙም አይታይም፤ ከታየ አብዛኛውን ጊዜ ከከባድ ተቅማጥ በኋላ የመጣና በጥቂት ሳምንታት የሚያልፍ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ወተት ባይችል እርጎ ይችል ይሆናል፤ እርሾው ከላክቶሱ ከፊሉን በልቶታልና። እርጎውን ግን ከፈላ ወተት አዘጋጁት፤ ጥሬ ወተት አይሁን።

ሁለተኛው የወተት ፕሮቲን አለርጂ ነው። ይህ በሁለት መልክ ይመጣል። ፈጣኑ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ውስጥ በችፍታ፣ በእብጠት፣ በትውከት ይታያል። ዘገምተኛው ከሰዓታት እስከ ቀናት ቆይቶ በቅርሻት፣ ንፍጥ ወይም የደም ክር ባለው ሰገራ፣ በማይለቅ የቆዳ እከክ ይገለጣል፤ የደም ምርመራም ብዙ ጊዜ አያሳየውም፤ ስለዚህ የሚታወቀው አንሥቶ በመመለስ ነው። ለዚህ ልጅ እርጎም አይብም አሬራም ያው ወተት ናቸው። «የፍየል ይሞከር» የሚለው ምክርም አይሠራም፤ የፍየልና የላም ወተት ፕሮቲን በጣም ስለሚመሳሰል አብዛኛው ልጅ ለሁለቱም ይቆጣል።

ፍንጭ ከጾም ታገኛላችሁ። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጾምም፤ ነገር ግን በዓቢይ ጾም ቤቱ ውስጥ ወተትና ቅቤ ስለሚጠፋ እሱም ሳይታሰብ ይጾማል። በ55ቱ ቀን ቅርሻቱ ጠፍቶ በፋሲካ ሰሞን የተመለሰ ከሆነ ደብተሩ ላይ ጻፉት። ፍልሰታ 15 ቀን ስለሆነ ለዚህ አጭር ነው። ፍንጩን ግን ፍርድ አታድርጉት፤ በፋሲካ የተመለሰው ወተት ብቻ አይደለም፤ ዶሮው፣ ቅቤው፣ ከልክ በላይ መብላቱም አብሮ ተመልሷል።

ሙከራው እንዲህ ነው፦

1. ከጤና ባለሙያ ጋር ተነጋገሩና ቀን ቁረጡ። በዓል፣ ክትባት፣ ጉንፋንና ተቅማጥ ያለበት ሳምንት አይሁን።

2. ለ4 ሳምንት ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ አሬራ፣ ቅቤና ወተት ያለባቸውን የታሸጉ ምግቦች አንሡ። የተነጠረ ቅቤ ፕሮቲኑ ጥቂት ቢሆንም በቤት ሲነጠር ሙሉ በሙሉ አይጠራም፤ እሱም ይቆይ። ብስኩት፣ ኬክ፣ ማርጋሪን፣ እንደ ፋፋ ያለ የዱቄት ምግብ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ የወተት ዱቄት ሊኖርበት ይችላል። ቆዳው እከክ ካለበት ራሱ ላይ ቅቤ መቀባቱም ይቁም።

3. የወጣውን ተኩ። በየቀኑ አንድ የበሰለ እንቁላል፤ ሥጋ ወይም ጉበት ከተገኘ ደቆ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፤ በደንብ የበሰለ ምስርና ሽምብራ፤ ደቆ የተከተፈ ጎመን፤ አቮካዶ። ጤፍ ከስንዴና ከገብስ የበለጠ ካልሲየም አለው፤ ሰሊጥም እንዲሁ። ለውዝና ቆሎ ሙሉውን አይሰጥም፣ ያንቀዋል። የጠዋት ፀሐይ ላይም አጫውቱት። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡት ይቀጥላል፤ እናት የራሷን ወተት የምታነሣው ልጁ ጡት ብቻ ጠብቶም ከታመመ ነው።

4. ደብተሩን ቀጥሉ፤ በሁለተኛውና በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ይመዘን። ከቀነሰ ሙከራው ይቁም።

ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ነገር በቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አለመስማማቱ ነው። አንዲት የቅቤ ጠብታ ያለባት ሽሮ ከጎረቤት ብትመጣ፣ ወይም አያት «አንድ ጉንጭ ምን ታደርገዋለች» ብትል የሦስት ሳምንት ልፋት ይደበዝዛል። የተሳሳታችሁበትን ቀን አትደብቁ፤ ጻፉት።

በአራቱ ሳምንት ምንም ካልተለወጠ ወተቱ ጥፋተኛ አይደለም፤ ዛሬውኑ መልሱለት። ከተሻለው ደግሞ መመለሱ ግዴታ ነው፤ መሻሉ በአጋጣሚ ሊሆን ይችላልና። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፦ ልጁ ከዚህ ቀደም ወተት ጠጥቶ አብጦ፣ ችፍ ብሎበት፣ አተነፋፈሱ ተለውጦ፣ ወይም ከ1 እስከ 4 ሰዓት ቆይቶ ደጋግሞ አስመልሶ ገርጥቶና ዝሎ የሚያውቅ ከሆነ በቤት አይሞከርም። ይህ በሆስፒታል ብቻ የሚደረግ ነው።

ለቀሩት፣ ጤና ጣቢያ በሚከፈትበት ቀን ጠዋት ጀምሩ። የፈላ ወተት በመጀመሪያው ቀን 1 የሻይ ማንኪያ፤ በሁለተኛው 1 የሾርባ ማንኪያ፤ በሦስተኛው አንድ የቡና ስኒ፤ በአራተኛው ሁለት ስኒ፤ ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን እንደ ዱሮው። በዚያ ሳምንት ሌላ አዲስ ምግብ አይሰጥም። ምልክቱ ከተመለሰ አቁሙና ቀኑንና መጠኑን ጽፋችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ሳምንቱን ያለ ችግር ካለፈ ወተት ተፈቷል፤ ከዚያ ወዲያ በቀን ከግማሽ ሊትር አይብለጥ፤ ከዚያ ከበለጠ ምግብ ይዘጋበታል፣ ደሙም ያንሳል።

ሌሎች ምግቦች

እንቁላልም በዚሁ መንገድ ይሞከራል፤ ከወተት ጋር አንድ ላይ ግን አይነሣም። አብሽ የጥራጥሬ ዘመድ ስለሆነ ሽምብራ ወይም ለውዝ የሚያስቸግረው ልጅ በአብሽ ውሃም ሊቸገር ይችላል፤ ሰው አይጠረጥረውም።

ስንዴና ገብስ ግን የተለዩ ናቸው። ሥር የሰደደ ተቅማጥ፣ የተነፋ ሆድ፣ የቀጠነ እግርና የቆመ ክብደት ያለው ልጅ ሴሊያክ የተባለ ሕመም ሊኖርበት ይችላል። የደም ምርመራው የሚፈልገው ሰውነት ለእነዚህ እህሎች የሰጠውን ምላሽ ስለሆነ ከምርመራው በፊት ስንዴና ገብስ ካነሣችሁበት ውጤቱ በውሸት «ነፃ» ሊል ይችላል። ስለዚህ እየበላ ይመርመር። መንዝ ላይ ገንፎው፣ በሶው፣ ቂንጬውና አንዳንዴም እንጀራው ገብስ ስለሆነ፣ ከምርመራ በኋላ ይነሣ ከተባለ ስንዴ ዳቦ መከልከል ብቻውን ምንም አይሠራም፤ ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ ቦታውን ይይዛሉ። ገብስ በተፈጨበት ወፍጮ ወዲያው የተፈጨ ጤፍም ንጹሕ አይደለም፤ ጤፉን ገብስ ያልተፈጨበት ወፍጮ ወስዳችሁ አስፈጩ።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ

ከጤና ጣቢያ ወደ ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ሆስፒታል ሪፈር ከተጻፈላችሁ ደብተሩን፣ የክትባት ካርዱን፣ የሰጣችሁትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ ያዙ። የባህል መድኃኒት ከሰጣችሁም ሳታፍሩ ተናገሩ። ትውከቱንና ሰገራውን በስልክ ፎቶ ማንሳት ከአሥር ደቂቃ ገለጻ ይበልጣል፤ የሚያቀረሽበትን ቅጽበት በቪዲዮ ከያዛችሁት ደግሞ ቅርሻት ይሁን ትውከት ሐኪሙ በዓይኑ ያያል።

የወተት አለርጂ ተረጋግጦ ከታገደም እገዳው የዕድሜ ልክ አይደለም። አብዛኞቹ ልጆች ከ3 እስከ 5 ዓመት ዕድሜ ባለው ጊዜ ይተዋቸዋል። ከ6 እስከ 12 ወር በሚሆን ጊዜ ውስጥ በሐኪም ምክር እንደገና ይሞከራል፤ ያን ቀን በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ከአሁኑ ጻፉት።